አምስተኛው ሩብ
በሮማ ቄራ ሰፈር የተበላ ምሳና ከኋላው ያለው ታሪክ

ሮማን አይቶ የተመለሰ ሰው ስለ ኮሎሲየም፣ ስለ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ ሳንቲም ስለሚወረወርበት ፏፏቴ አውርቶ አይጠግብም። ስለ ሮማ ቄራ የሚያወራ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የአንድን ከተማ ታሪክ በሐውልቶቿ ብቻ ለማወቅ መሞከር ግን የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ሳሎኑን ብቻ አይቶ እንደ መገመት ነው። ጓዳው ይቀራል። እኔም በቅርቡ ወደዚያች ከተማ ብቅ ባልሁበት ጊዜ በጓዳዋ በኩል ልገባ ፈለግሁና ጣሊያኖች «ትራቶሪያ» በሚሉት ተራ ምግብ ቤት ምሳ በላሁ። የምሳው ታሪክ ከምሳው ይበልጥ ረጅም ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባቢያን ላካፍል ወደድሁ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ለጣሊያኖች ምግብ ቤት ሁሉ አንድ አይደለም። «ኦስቴሪያ» የሚባለው ከጥንት ጀምሮ ወይን የሚሸጥበት ቤት ነው፤ የእኛን ጠጅ ቤት ያስታውሳል። የሮማ ሠራተኛ ምሳውን በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣና ወይኑን ብቻ ገዝቶ ይቀመጥ ነበር። «ትራቶሪያ» የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው የሚያስተዳድሩት፣ በቤት ወግ የተሠራ ምግብ የሚቀርብበት ነው። «ሪስቶራንቴ» ከፈረንሳይ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስና ጓንት ያደረገ አስተናጋጅ የሚታሰበው በእርሱ ነው። ዛሬ ልዩነቱ ደብዝዟል። እንዲያውም የድሆቹ ስም ፋሽን ሆነና «ኦስቴሪያ» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ እጅግ ውድ ቤቶች ሞልተዋል። ይህ የስም መገለባበጥ በኋላ ለምንነጋገርበት ጉዳይ ጥሩ መግቢያ ነው።

የበላሁበት ሰፈር ቴስታቾ ይባላል። ስሙ የመጣው «ቴስታ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም ገል ማለት ነው። በሰፈሩ ውስጥ 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ሣር የበቀለበት ኮረብታ አለ። ከሩቅ ሲያዩት እግዜር የሠራው ይመስላል። ነገር ግን ከሥር እስከ ጫፉ የተሰበረ የሸክላ ማሰሮ ክምር ነው! በቄሣሮቹ ዘመን የወይራ ዘይት ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ በትልልቅ ማሰሮ እየተጫነ በመርከብ ይመጣ ነበር። ዘይቱ ሸክላው ውስጥ ሰርጎ ስለሚሻግት ማሰሮውን ደግሞ መጠቀም አይቻልም። ስለዚህ ዘይቱ ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ማሰሮው ተሰብሮ እዚያው ይደረደራል። ሊቃውንቱ ቁጥሩን በአሥር ሚሊዮኖች ይገምቱታል። በአንዳንዱ ገል ላይ የነጋዴው ስም፣ የዘይቱ ክብደትና የቀረጡ መዝገብ በቀለም ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። እንግዲህ ይህ የዓለም ገዢ የነበረች ከተማ የቆሻሻ መጣያ ነው፤ ከብዙ የድል ሐውልት ይልቅ ከተማዋ ምን ትበላ እንደነበረ የሚናገረውም እርሱ ነው። በኋላም ዘመን የወይን ነጋዴዎች ገሉን እየቦረቦሩ ጓዳ ሠሩበት። በገሉ መሀል ነፋስ ስለሚያልፍ በበጋም ይቀዘቅዛልና።

የዘመናዊው ቴስታቾ ታሪክ የሚጀምረው ግን በቄራው ነው። በ1870 የኢጣሊያ ጦር ሮማን ከጳጳሱ እጅ ወስዶ፣ በማግስቱ ዓመት ከተማዋ የተዋሐደችው ኢጣሊያ መዲና ስትሆን ሕዝቧ ከሁለት መቶ ሺህ ብዙም አይርቅም ነበር። ሚኒስትሩ፣ ጸሐፊው፣ ወታደሩና ግንበኛው ሲጎርፍባት የሥጋ ፍላጎቱም አብሮ ጨመረ። ከፒያሳ ዴል ፖፖሎ አጠገብ የነበረው አሮጌ ቄራ አልበቃ አለ፤ ሽታውም ለአዲሱ መንግሥት ባለሥልጣኖች አልተስማማም። ስለዚህ ከ1888 እስከ 1891 ባለው ጊዜ ውስጥ ጆአኪኖ ኤርሶክ የተባለው የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ በገሉ ኮረብታና በቲቤር ወንዝ መካከል ታላቅ ቄራ አሠራ። በዘመኑ እጅግ ዘመናዊ የተባለ ነበር። ዙሪያውንም የሠራተኛ ቤቶች ተሠሩ፤ በአንድ ክፍል ከአንድ በላይ ቤተሰብ የሚታጨቅባቸው ሕንፃዎች። የአዲስ አበባ አንባቢ ሳያየው ሊያውቀው ይችላል፤ ቄራ ሰፈር ማለት ነው። እግር ኳስ ለሚወድ ደግሞ የሮማ ክለብ ከ1929 እስከ 1940 የተጫወተበት ሜዳ እዚሁ እንደነበረ ልጨምርለት።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። በሬ ሲታረድ ሥጋው በአራት ይከፈላል፤ ሁለት የፊት፣ ሁለት የኋላ። እነዚህ አራቱ ሩቦች አቅም ወዳለው ሰው ቤት ይሄዳሉ። ሮማውያን ሲተርቱ የመጀመሪያው ሩብ ለመሳፍንቱ፣ ሁለተኛው ለካህናቱ፣ ሦስተኛው ለነጋዴው፣ አራተኛው ለወታደሩ ነው ይላሉ። የቀረውስ? ጨጓራው፣ አንጀቱ፣ ሳንባው፣ ልቡ፣ ምላሱ፣ ጅራቱ፣ ሰኮናው ሲደማመር ወደ አንድ ሩብ ክብደት ይጠጋልና «ኩዊንቶ ኳርቶ»፣ ማለትም «አምስተኛው ሩብ» ተባለ። አራት ሩብ ሙሉ ነው፤ አምስተኛ ሩብ የለም። በሌለው ሩብ የሚተዳደረውም የሌለው ሰው ነው። የቄራው ገፋፊዎችና ሸክላዮች ከደመወዛቸው ከፊሉን የሚቀበሉት በዚህ ነበር። ሚስቶቻቸውና በሰፈሩ የነበሩት የኦስቴሪያ ሴቶች ማንም የማይፈልገውን ተቀብለው ለሰዓታት እያበሰሉ፣ ሽታውን በቅመም እየገደሉ፣ ጥንካሬውን በእሳት እያለዘቡ ዛሬ ዓለም «የሮማ ባህላዊ ምግብ» ብሎ የሚያደንቀውን ፈጠሩ።

የበሬ ጅራት ከብዙ ሴለሪና ቲማቲም ጋር ተቀቅሎ፣ አንዳንዱም ትንሽ መራራ ካካዎ ጨምሮበት የሚሠራው «ኮዳ አላ ቫቺናራ» ስሙ ራሱ የገፋፊዎች ጅራት እንደ ማለት ነው። ከእናቱ ወተት በስተቀር ምንም ያልቀመሰ የጥጃ አንጀት ከነወተቱ ተጠቅልሎ ከሪጋቶኒ ጋር የሚቀርበው ደግሞ «ፓያታ» ይባላል። ይህ ምግብ በእብድ ላም በሽታ ምክንያት በ2001 በአውሮፓ ሕግ ታግዶ፣ የተፈቀደው ከብዙ ክርክር በኋላ በ2015 ነው። የሮማ ሰው በእነዚያ ዓመታት እንደ ዘመድ አዝኖለታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኔ የሄድሁበት ቀን ቅዳሜ ነበር። በሮማ የድሮ ልማድ ሐሙስ የድንች ኞኪ፣ ዓርብ በጾም ምክንያት ዓሣ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጨጓራ ይበላል። ጨጓራ አዘዝሁ። በቲማቲም ተሠርቶ፣ ናና የመሰለ ቅጠል ተነስንሶበት፣ ፔኮሪኖ የሚሉት የበግ አይብ ከላይ ተፈርፍሮበት መጣ። ዱለትና ጨጓራ ወጥ ለሚያውቅ ምላስ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚጎድለው ሚጥሚጣ ብቻ ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጨጓራውን ያለማመንታት መብላቴን አይተው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ለአፍታ ዝም አሉና «እንግዲያውስ ይህን ታውቀዋለህ» አሉኝ። ከዚያም አያታቸው በቄራው ሲገፍፉ እንደኖሩ፣ በልጅነታቸው ደግሞ ጨጓራ በቤታቸው የሚበላው ስለሚጣፍጥ ሳይሆን ሌላ ስላልነበረ መሆኑን አጫወቱኝ። «አሁን ሰው ለዚህ ወረፋ ይዞ ይከፍለኛል፤ አያቴ ቢያዩ ይስቁብኝ ነበር» አሉ።

ቄራው በ1975 ተዘጋ። ዛሬ ከግቢው አንዱ ክፍል የዘመናዊ ሥዕል ማሳያ፣ ሌላው የዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ነው። የሥጋው መስቀያ ብረቶች ግን ከነሰንሰለታቸው በየቦታው አሉ። በሬ የለም፤ ገፋፊም የለም፤ በየትራቶሪያው ዝርዝር ላይ ግን ጅራትና ጨጓራው አለ። ሠራተኛው ከሰፈሩ ሲወጣ ደመወዙ ባህል ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ለመሆኑ «ባህላዊ» የምንለው ነገር ዕድሜው ስንት ነው? ፓስታን ማርኮ ፖሎ ከቻይና አመጣው የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያምነዋል። ማርኮ ፖሎ የተመለሰው በ1295 ነው። የዓረቡ የጂኦግራፊ ሊቅ አል ኢድሪሲ ግን በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ለሩጀሮ ዳግማዊ በጻፈው መጽሐፍ፣ ከፓሌርሞ አጠገብ ትራቢያ በምትባል መንደር በብዛት የሚሠራ፣ በመርከብም ወደ ሌላ አገር የሚላክ የደረቀ የሊጥ ክር እንዳለ መዝግቧል። ቲማቲም ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ለቲማቲም ስጎ የተጻፈው የመጀመሪያው የታወቀ የኢጣሊያ አሠራር በ1690ዎቹ ኔፕልስ ውስጥ በአንቶኒዮ ላቲኒ መጽሐፍ የወጣ ሲሆን፣ ራሱ ላቲኒ «የስፔኖች ዓይነት» ብሎታል። ሮማውያን ነፍሳቸውን የሚሰጡለት ካርቦናራስ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በታተሙት የሮማ የምግብ መጻሕፍት ውስጥ የለም። ብዙ የምግብ ታሪክ ጸሐፊዎች ሰኔ 1944 ሮማ ከገቡት የአሜሪካ ወታደሮች የእንቁላል ዱቄትና የአሳማ ሥጋ ጋር ያያይዙታል። በ1954 አንድ የኢጣሊያ መጽሔት ያወጣው አሠራር ነጭ ሽንኩርትና የስዊስ አይብ ይጨምራል፤ ዛሬ ይህን በሮማ የሞከረ አብሳይ ከሥራው ይባረራል። እንግዲህ «ከጥንት ከአያቶቻችን» የሚባለው ምግብ ከብዙ ሕያዋን አያቶች ዕድሜ አይበልጥም።

እስካሁን የጻፍሁት ስለ ኢጣሊያ ብቻ ነው። ይሁንና ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሮማ ውስጥ ማዕድ የቀረበ ሰው የራሱን ታሪክ ሳያገኝ አይነሳም። ከቄራው ፊት ለፊት ያለው፣ በበሬ ጅራቱ የታወቀው አሮጌ ምግብ ቤት በስሙ ላይ 1887 የሚል ዓመት አለው። በዚያው ዓመት ጥር ወር ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ደመሰሱ። ከሮማ ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» የሚባለው እዚያ ለወደቁት መታሰቢያ ነው። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል እንጂ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከዓድዋ በኋላ፣ በመጋቢት 1896፣ በየከተማው የወጣው ሕዝብ ልጆቻችንን መልሱልን እያለ ጮኾ የክሪስፒ መንግሥት ወደቀ። «ምኒልክ ለዘላለም ይኑር» ያሉም ነበሩ። አምስተኛውን ሩብ የሚበላው ሕዝብ ለዘመቻው ሲባል ልጁንም ግብሩንም ገብሯልና። ከአርባ ዓመት በኋላ ግን ታሪኩ ተለወጠ። ግንቦት 9 ቀን 1936 ሙሶሊኒ ከሰገነቱ ሆኖ «ግዛተ ዐፄ» መመሥረቱን ሲያውጅ አደባባዩ ሞልቶ ነበር፤ ጭብጨባውም የመሳፍንቱ ብቻ አልነበረም። ይህንን ጨጓራ ይጣፍጣል ብለን ልንረሳው አይገባም።

ወረራው በጣሊያኖቹም ማዕድ ላይ ዱካውን ትቷል። ፋሺስቱ መንግሥት ከ1925 ጀምሮ «የስንዴ ውጊያ» የሚል ዘመቻ ከፍቶ ሕዝቡ የውጭ ስንዴ እንዳይፈልግ ይወተውት ነበር። ባለቅኔው ማሪኔቲ በ1930 መጨረሻ ፓስታ ጣሊያንን አደንዝዞ ሰነፍ አድርጎታልና ይወገድ የሚል መግለጫ በጋዜጣ አወጣ። ይኸው ሰው ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ኢትዮጵያን ለመውረር በፈቃዱ ዘመተ። ኅዳር 18 ቀን 1935 የመንግሥታቱ ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅ ዘይቱን ሳይነካ ስለቀረ መድፉና አውሮፕላኑ አልቆመም። ጓዳው ግን ተነካ። በቡና ፈንታ የተቆላ ሥር፣ በሻይ ፈንታ ከቀይ ባሕር ዳር የሚመጣው ከርከዴ «የአገር መጠጥ» ተብሎ ቀረበ። ታኅሣሥ 18 ቀን ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጡ፤ እጅግ ብዙ ሴቶችም ተከተሏቸው። እኛን ለመግደያ የተዋጣው ወርቅ ከደሃይቱም ጣት ወልቋል።

የዘመኑ ዱካ በፓስታው ስም ላይ ሳይቀር አለ። ጣሊያኖች ለፓስታ ቅርፅ ሁሉ ስም አላቸው፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ከወጡት ስሞች መካከል «ትሪፖሊኔ»፣ «ቤንጋዚኔ»፣ «አቢሲኔ» ይገኙባቸዋል። አቢሲኔ ማለት ሐበሾች ማለት ነው፤ ዛጎል የመሰለ ቅርፅ ነው። ከጦርነቱ በኋላም ስሙ በካርቶን ላይ ሲታተም ኖረ። በጥር 2021 አንድ የፓስታ ፋብሪካ ይህንኑ ቅርፅ ሲያስተዋውቅ የፋሺስቱን ዘመን የሚያሞግስ ቃል መጨመሩ ታውቆ በኢጣሊያ ውስጥ ታላቅ ቁጣ ተነሣ። ፋብሪካው ይቅርታ ጠይቆ ስሙን «ዛጎል» ብሎ ለወጠው። ሰማንያ አምስት ዓመት ሙሉ ስማችንን ሲቀቅሉት ኖረው ነበር ማለት ነው።

ከቴስታቾ ተነሥቶ በእግር ቢሄዱ፣ ጥቂት ደቂቃ አልፎ ፖርታ ካፔና ከሚባለው አደባባይ ይደረሳል። ከ1937 ጀምሮ 24 ሜትር ርዝመት ያለው የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል ኢጣሊያ የዘረፈችውን እንድትመልስ ብትገደድም፣ ሐውልቱ ወደ አገሩ የገባው በ2005፣ በአክሱም የቆመውም በ2008 ነው። ከጎኑ ያለው ታላቅ ሕንፃ ለቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ሲሆን፣ ከ1951 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል። የሌላውን አገር ለመግዛት የተነደፈው ሕንፃ ስለ ረሃብ የሚመከርበት አዳራሽ ሆነ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው እልቂት ወንድማቸውን ያጡት አያቴ መኮሮኒ ቤታቸው አያስገቡም ነበር። «የሰላቶ ቀለብ» ይሉታል። እኛ የልጅ ልጆች ግን ከሱቅ እየገዛን በድብቅ እንቀቅል ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ፓስታ በእንጀራ ላይ ይቀርባል፤ የጾም ፓስታ በበርበሬ ይሠራል፤ ያንን ሮማዊ ቢያይ ይደነግጣል። መካኒካችንም ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ እያለ ይሠራል። አያቴ ተሳስተው ነበር ልል አልደፍርም። እርሳቸው ምግቡን ሳይሆን ወንድማቸውን ነበር የሚያስቡት፤ ያ መብታቸው ነው። ነገር ግን ወንድማቸውን የገደለው መኮሮኒው አይደለም። መኮሮኒውን፣ ጨጓራውንና ጅራቱን የፈጠሩት ሴቶችም ጦር አላዘዙም። ወንጀሉን ለወንጀለኛው፣ ማብሰያውን ለአብሳይዋ ለይቶ መስጠት የታሪክ ሥራ ነው። ሁለቱን የደባለቀ ሰው ወይ በጥላቻ ይራባል፣ ወይ በሆዱ ይረሳል።

ለእኛስ የሚተርፈን ትምህርት ምንድን ነው? በእኛም አገር ሥጋ በማዕረግ ይደለደል ነበር፤ በግብር ቤት ሻኛው ለማን፣ ጎድኑ ለማን እንደሚደርስ ሥርዓት ነበረው። በአንጻሩ የጎረቤት ቅርጫ አለን፤ ጨጓራውም ጉበቱም እንደ ጮማው በየመደቡ እኩል ይደለደላል፣ ዕጣም ይወጣበታል። በቅርጫ አምስተኛ ሩብ የለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ማን ጽፎታል? ዱለትን መጀመሪያ ማን ከተፈው? የአዲስ አበባ ቄራ ሠራተኞች ምን ይበሉ ነበር፣ በምን ይከፈላቸው ነበር? ጣሊያኖቹ በ1891 በታተመው በአርቱዚ መጽሐፍ የየአውራጃውን ምግብ ሰብስበው፣ እስከ 2015 ድረስም ስለ አንድ የአንጀት ወጥ ከአውሮፓ ሕግ ጋር ተሟግተዋል። የእኛ ባለሙያ እናቶች ግን ሙያቸውን ይዘውት እየሄዱ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በቤትዎ በዕድሜ የገፉ እናት ካሉ፣ ወጡን ከመብላትዎ በፊት ከማን እንደተማሩት፣ ምን ስለጎደለ ምን እንደተኩበት ይጠይቋቸውና ይጻፉት።